የከሸፈ ሙከራ ወሬ የማን ንብረት ነው?

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ መድኀኒት የሚጽፍ ሰው ከሕክምና ፋኩልቲ መምጣት አለበት የሚሉ ጓደኞች እንዳሉ ዐውቃለሁ። የአርትስ ተማሪ ስለ ኮሌስትሮል ምን አገባው? ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። መድኀኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግሩን ኬሚስቱና ሐኪሙ ናቸው፤ እሺ ብለን እንሰማቸዋለን። ነገር ግን አዲሱን መድኀኒት ከሁሉ በፊት ማን ይዋጠው፣ ሲውጠው ምን ይነገረው፣ ከዋጠውም በኋላ የደረሰበት ነገር ለማን ይነገር የሚለው የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም። የፍርድ ጥያቄ ነው። ፍርድ ደግሞ ለአንድ ፋኩልቲ በርስትነት አልተሰጠም።

ነገሩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ካለም እንዲህ ይመልከተው። ዛሬ በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን የሚባለውን ኪኒን በሐኪም ወረቀት ገዝቶ መውጣት የተለመደ ነው። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መካከል የልባቸው ደም ሥር እንዳይዘጋ ማታ ማታ የሚውጡት አሉ። ኪኒኗ ትንሽ ናት፤ የመጣችበት መንገድ ግን ረዥም ነው፣ በመንገዱም ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ቆመዋል፤ ያዩትን ክፉ ነገር የተናገሩና ያዩትን ክፉ ነገር የሸሸጉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የእነርሱን ነገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገር፤ መጨረሻ ላይ እንደ እንቆቅልሽ መፍታት አልወድም። አዲስ መድኀኒት በሰው ላይ መጀመሪያ ሲሞከር ዋናው ዓላማ መድኀኒቱ መልካም መሆኑን ማሳየት ሳይሆን ጉዳቱን በጊዜ ማግኘት ነው። ስለዚህ የተገኘው ጉዳት ወሬ የኩባንያ ምስጢር ሊሆን አይገባውም። ሰውነቱን ለሙከራ የሰጠው ሰው ንብረት ነው፤ በእርሱም በኩል የሕዝብ ንብረት ነው።

ፕሮፌሰር አኪራ ኤንዶ በሰሜን ጃፓን በአኪታ አውራጃ በ1933 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በ2024 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። በልጅነታቸው ስለ እንጉዳይና ስለ ሻጋታ ማወቅ ይወዱ ነበር፤ ፔኒሲሊንን ከሻጋታ ያገኘውን የፍሌሚንግን ታሪክም አንብበው ተማርከዋል። በ1957 ሳንክዮ በተባለ የመድኀኒት ኩባንያ ተቀጠሩ። በ1966 ለጥናት ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ሁለት ዓመት ሲቀመጡ የልብ በሽታ በአሜሪካኖች ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት አዩ። ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መተላለፊያውን ያጠብባል፤ በመጨረሻም ልብን ደም ይነሣታል። ብዙ ሰው ኮሌስትሮል ከቅቤና ከጮማ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛውን የሚሠራው አካላችን ራሱ ነው፤ ከሠሪዎቹም ዋናው ጉበት ነው። ዐቢይ ጾምን ሙሉ የጾመም ሰው ኮሌስትሮል አያጣም።

ኤንዶ እንዲህ ብለው አሰቡ፤ ሻጋታ ራሱን ከሌሎች ተሐዋስያን ለመከላከል ልዩ ልዩ መርዝ የሚያመነጭ ከሆነ፣ ከመርዞቹ አንዱ ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። በ1971 ሥራውን ጀምረው በሁለት ዓመት ገደማ ከ6000 በላይ የሻጋታና የመሰል ተሐዋስያን ዓይነቶችን መረመሩ። የፈለጉት ነገር የተገኘው በኪዮቶ ከአንድ የእህል መደብር በመጣ ሩዝ ላይ በበቀለ ሻጋታ ውስጥ ነው። ከእርሱ ያወጡት ነገር በኋላ ኮምፓክቲን ተባለ። ለአንድ የሴሚስተር ጽሑፍ ሦስት መጽሐፍ ማገላበጥ የሚከብደን ሰዎች 6000 ሻጋታ አንድ በአንድ መመርመር ምን ማለት እንደ ሆነ እናስበው።

ከዚህ በኋላ የመጣው አስገራሚ ነው። ኮምፓክቲን ለአይጦች ቢሰጥ የደማቸው ኮሌስትሮል አልቀነሰም። በአይጥ ያልሠራ ነገር በሰው ይሠራል ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ጥቂት ነውና ነገሩ እዚያ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ሆኖም ኤንዶ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ተመካክረው በ1976 መድኀኒቱን ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሰጡ። እንቁላል ኮሌስትሮል የበዛበት ስለ ሆነ የጣይዋም ደም ብዙ ኮሌስትሮል ይኖረዋል የሚል ግምት ነበራቸው። ግምታቸው ሰመረ፤ ኮሌስትሮሉ በግማሽ ያህል ወረደ። በውሾችና በዝንጀሮዎችም ላይ ሠራ። በ1977 ደግሞ የመድኀኒትን መርዛማነት የሚመረምሩት የኩባንያው ሰዎች ብዙ መጠን በተሰጣቸው አይጦች ጉበት ውስጥ ያልተለመደ ነገር አየን ብለው ሥራውን አጓተቱት። እንግዲህ አይጥ መጀመሪያ አይሠራም ብላ መሰከረች፤ ቀጥላ ይጎዳል ብላ መሰከረች። የአይጥ ምስክርነት ለሰው ምን ያህል እንደሚታመን ከዚህ ማየት ይቻላል። ቢሆንም ያለ እርሷ ምስክርነት በቀጥታ ወደ ሰው መሄድ ወንጀል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመን ሰው የሚያወጣው ቀመር አልተጻፈም።

በዚያ ጊዜ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር አኪራ ያማሞቶ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። ከሚያክሟቸው ሰዎች አንዷ የ18 ዓመት ልጅ ናት። በሽታዋ በዘር የሚወረስ ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም እየተቀበለ የሚያስገባባቸው በሮች አሉት እንበል። ይህ በር ከአንድ ወላጅ በኩል ብቻ ተበላሽቶ የሚወለድ ሰው ከ250 ሰው አንዱ ያህል ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች በኩል ተበላሽቶ የሚወለድ ግን በብዙ መቶ ሺህ ሰው መካከል አንድ ቢገኝ ነው። ልጅቱ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ ነበረች። ጤነኛ ሰው በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ200 ሚሊግራም ያነሰ ኮሌስትሮል ሲኖረው የእርሷ ወደ 1000 ይደርስ ነበር። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ሕክምና ካላገኙ ብዙዎቹ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በልብ ድካም ይሞታሉ። ልጅቱ ቅቤ ስለ በላች አይደለም፤ ያጠፋችው ነገር የለም።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1978 ኮምፓክቲንን ዋጠች። ከእርሷ በፊት ይህን ነገር ለሕክምና የዋጠ በሽተኛ አልነበረም። መጠኑ በቀን 500 ሚሊግራም ነበር። ኮሌስትሮሏ መውረድ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ጡንቻዋን ያማት ጀመር፤ ጉልበቷም ከዳት።

እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በሐኪሙ ፊት ሁለት ነገር ቀርቧል። አንዱ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ ከስድስት ሺህ ሻጋታ፣ ከሁለት የአይጥ ክስና ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ የተገኘ ቁጥር ነው፤ ደስ ያሰኛል፤ ለዓለም ሊነገር ይገባዋል። ሌላው አልጋ ላይ ያለች፣ መነሣት ያቃታት ልጅ ናት። ቁጥሩን የወደደ ሰው ጥቂት ታገሺ ሊላት ይችል ነበር። ለሳይንስ ነው፣ ለወገን ነው የሚል ቃልም አይጠፋውም ነበር። እንዲህ ያለው ቃል በየዘመኑ የማይጠፋ መሆኑን እኛ የታሪክ ተማሪዎች እናውቃለን። ያማሞቶ ግን መድኀኒቱን አቆሙ። ልጅቱ ስታገግም መጠኑን ወደ 200 ሚሊግራም ዝቅ አድርገው እንደ ገና ጀመሩ። ከዚያም በሽታቸው ከእርሷ ቀለል ላለ ሌሎች ሰዎች በዝቅተኛ መጠን ሰጡ፤ በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍም በ11 በሽተኞች ላይ ኮሌስትሮል በአማካይ 27 በመቶ ያህል መውረዱን አስታወቁ። ሳንክዮ ራሱ በደንቡ መሠረት ሙከራውን የጀመረው ከልጅቱ ዘጠኝ ወር ዘግይቶ በኖቬምበር 1978 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ስታቲን የሚባሉት መድኀኒቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ጉበት ራሱ የሚሠራው ኮሌስትሮል ሲያንሰው በሮቹን አብዝቶ ከደም ይወስዳል፤ የደሙም ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በሩ ከሁለቱም ወላጆች በኩል በተበላሸበት ሰው ላይ ግን የሚበዛ በር የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዋጠችው ልጅ መድኀኒቱ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅማት ሰው ነበረች። ዛሬም ስታቲን የሚያዝ ሐኪም ጡንቻ ካመማችሁ ንገሩኝ ይላል፤ ይህን ምልክት አስቀድማ በሰውነቷ የተሸከመችው እርሷ ናት። ስሟ አልተነገረም፤ መነገርም አይገባውም። ዕዳው ግን ስም ባይኖረውም ዕዳ ነው።

በአማርኛችን ለዚህ ነገር የጎንዮሽ ጉዳት የሚል ቃል ይዘናል። ቃሉ ከውጭ ቋንቋ እንዳለ የተገለበጠ ስለ ሆነ ጉዳቱ ከመድኀኒቱ ጎን ለብቻው ቆሞ መንገደኛ የሚመለከት ያስመስለዋል። ለዚያች ልጅ የጡንቻዋ ሕመም በጎን የመጣ አልነበረም፤ በፊት ለፊት ነው የመጣው። በመጀመሪያ ሙከራ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ራሱ የሚፈለገው ዕውቀት ነው። የተሻለ ቃል ማውጣት የማን ሥራ እንደ ሆነ ለአርትስ ፋኩልቲ ጓደኞቼ አልነግራቸውም።

ታሪኩ በኦሳካ ቢያበቃ መልካም ነበር። በኦገስት 1980 ሳንክዮ የኮምፓክቲንን ሙከራ አቆመ። በክብደታቸው ልክ በእያንዳንዱ ኪሎ 100 ወይም 200 ሚሊግራም በየቀኑ ለሁለት ዓመት የተሰጣቸው ውሾች አንጀት ውስጥ ነቀርሳ የሚመስል ነገር ታየ ተባለ። ይህ መጠን ሰው ከሚውጠው ጋር ሲተያይ እጅግ የበዛ ነው። ኤንዶ ያን ጊዜ ኩባንያውን ለቀው በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ በኋላም የታየው ነገር ነቀርሳ አልነበረም ብለው ተከራክረዋል። በዚህ ላይ ልፈርድ አልችልም። የምፈርደው በሌላው ነገር ላይ ነው፤ የውሾቹ ምርመራ ዝርዝር በጊዜው ለዓለም አልወጣም። ማቆሙ ትክክል ሊሆን ይችላል። አቁሞ ዝም ማለቱ ግን ትክክል አልነበረም።

ዝምታው ያስከተለውን እንይ። መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1978 ማለቂያ ላይ ከሌላ ሻጋታ የኮምፓክቲን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሎቫስታቲንን አግኝቶ በ1980 በሰው ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር። የውሾቹ ነገር እንደ ወሬ ደረሰው። ወሬ ሰነድ አይደለም፤ ሊመረመርም ሊስተባበልም አይቻልም፤ መፍራት ብቻ ነው የሚቻለው። የምርምሩ ኀላፊ ሮይ ቫጀሎስ እርግጡን ለማወቅ ቢጠይቁ የሚበቃ መልስ አላገኙም፤ ስለዚህ ሙከራውን አስቆሙ። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ኩባንያው እንደ ገና በእንስሳት ላይ ረዥም ምርመራ ጀመረ፤ ነቀርሳም አላገኘም። በዚያ መካከል በዳላስና በኦሪገን ያሉ ሐኪሞች ሌላ ነገር ያልበጀላቸውን ከባድ በሽተኞች ለማከም ሎቫስታቲን ይሰጠን ብለው ጠየቁ። መደበኛው ሙከራ የቀጠለው በ1984 ነው፤ መድኀኒቱ በአሜሪካ እንዲሸጥ የተፈቀደው በሴፕቴምበር 1987 ነው።

ከ1980 እስከ 1984 አራት ዓመት ነው፤ አንድ ተማሪ ገብቶ ዲግሪውን ይዞ የሚወጣበት ዘመን ማለት ነው። በ1994 የታተመው፣ በስካንዲኔቪያ አገሮች በ4444 የልብ በሽተኞች ላይ የተደረገው የሲምቫስታቲን ጥናት ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ይህን ቁጥር ይዞ ወደ እነዚያ አራት ዓመታት ዘወር ብሎ የሚያይ ሰው የሚታየውን ራሱ ይመልከት። አበው በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ይላሉ። የዚህ ታሪክ አዲስነቱ የደበቀው በሽተኛው ሳይሆን መድኀኒት ሠሪው መሆኑ ነው።

ለሳንክዮ ፍትሕ እንዳላጓድል ከዚህ የባሰ መኖሩን መናገር አለብኝ። የሳንክዮ ዝምታ የፈሪ ዝምታ ነበር። ከእርሱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ሜሬል የተባለ ኩባንያ ትሪፓራኖል የሚባል፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ መድኀኒት በ1960 ለገበያ አወጣ። መድኀኒቱ የኮሌስትሮልን ሥራ የሚገታው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ስለ ነበር፣ ያላለቀው ነገር በሰውነት ውስጥ ይጠራቀም ጀመር። የበሽተኞች ፀጉር ረገፈ፣ ቆዳቸው ደረቀ፣ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። ይህ በድንገት የመጣ አልነበረም። መድኀኒቱ በእንስሳት ላይ ሲመረመር አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ የአንድ ዝንጀሮን መዝገብ እንድትለውጥ ታዝዛ ነበር፤ ነገሩ ስላስጠላት ሥራዋን ለቅቃ ወጣች። ወሬው ለመንግሥት የደረሰው በጉባኤ ወይም በሳይንስ መጽሔት በኩል አይደለም። ባሏ በአንድ መኪና ወደ ሥራ አብሮት ለሚመላለስ የምግብና የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰው በጨዋታ መካከል ስላነሣበት ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በኤፕሪል 1962 ሄደው መዛግብቱን ሲያዩ መድኀኒቱ ከገበያ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ውጠውታል። በ1964 ኩባንያው በፍርድ ቤት የተቀጣው 80 ሺህ ዶላር ነው። ታሊዶማይድን በአሜሪካ ለመሸጥ ጠይቆ ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ እምቢ ያሉትም ይኸው ኩባንያ ነበር።

የዚያ ሁሉ ሰው ዐይን በመኪና ውስጥ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ያ ባል የዚያን ዕለት ስለ ኳስ ቢያወራ ኖሮስ?

በሐሳቤ ላይ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው የንግድ ነው። ኩባንያ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ያገኘውን ነገር ለተወዳዳሪው በነጻ አሳልፎ እንዲሰጥ ማስገደድ ምርምርን ይገድላል ይላሉ። ክብደት ያለው ነገር ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን እኔ የአሠራሩን ምስጢር አምጡ አላልሁም። ለዚያ የፈጠራ መብት ሕግ አለ፤ ሳንክዮም ኮምፓክቲንን በ1974 በዚሁ ሕግ አስጠብቆ ነበር። እኔ የምጠይቀው የጉዳቱን መዝገብ ነው። የውሾቹን ምርመራ ዝርዝር በማወቁ መርክ የሚሰርቀው አንድም ነገር አልነበረም፤ ቢያውቀው ግን ፍርሃቱን በምርመራ ሊፈታው ይችል ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ ሕዝብ ይደነግጣል የሚለው ነው። ይህን ተቃውሞ ብዙም አላከብረውም። ሕዝብ የሚደነግጠው ከተነገረው ነገር ይልቅ እንደ ተሸሸገበት ባወቀው ነገር ነው፤ በ1980 እንደ ታየውም ወሬን ፈርቶ የቆመው ያልተማረው ሕዝብ ሳይሆን በዓለም ካሉት ታላላቅ የምርምር ኩባንያዎች አንዱ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ ያወጣው መግለጫ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ በ2013 የታደሰው ጽሑፍ መልካሙም ሆነ ክፉው የሙከራ ውጤት መውጣት አለበት ይላል። መግለጫ ግን ሕግ አይደለም። በ2007 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመድኀኒት ሙከራዎች በይፋ እንዲመዘገቡና ውጤታቸው እንዲወጣ ሲያስገድድ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ሙከራ ግን ከግዴታው ነጻ አድርጎ ተወው። ዐዋቂዎች ምክንያት ይሰጡበታል፤ መድኀኒቱ ገና ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው ይላሉ። እኔ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጨለማ ያለው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ደረጃ በአብዛኛው ገንዘብ ተከፍሏቸው የሚገቡት ጤነኞች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የቤት ኪራይና የመጽሐፍ መግዣ ያጠራቸው ተማሪዎች አሉ። የእኛ ብጤዎች ማለት ነው። አንድ ተማሪ ጉበቱን አሳምሞ ያስገኘው ዕውቀት በኩባንያው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ኩባንያ ያንኑ ዓይነት ነገር ይዞ መጥቶ የሌላውን ተማሪ ጉበት ያሳምማል። ይህን ብክነት ማለት ያንሰዋል።

ነገሩ ዛሬ ከ1978 ይልቅ የሚያስቸኩል ሆኗል። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ጉበት በሮች ልመለስ። እነዚህን በሮች የሚያፈርስ ፒሲኤስኬ9 የሚባል ነገር በሰውነታችን አለ። በዳላስ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን በ2005 እና በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአፍሪካ ዘር ከሆኑ አሜሪካኖች መካከል ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ይህ ነገር በአንድ ወላጅ በኩል ተበላሽቶ እንደሚወለዱ፣ ክፉው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ እንደሚያንስ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸውም በ88 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳዩ። ሳይታመሙ፣ ሳይጎዱ፣ ለራሳቸውም ሳይታወቃቸው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ተፈጥሮ ራሷ ያደረገችው ሙከራ ነው፤ ብዙ አዳዲስ መድኀኒቶችም ከዚህ ተነሡ።

ከእነርሱ አንዱ ኪኒን አይደለም። ቨርቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በጉበት ውስጥ በዘር የተጻፈውን አንድ ፊደል ለውጦ ፒሲኤስኬ9ን ለዘለቄታው የሚዘጋ መድኀኒት ሠራ። አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ በቃ። የመጀመሪያው ሰው በጁላይ 2022 በኒው ዚላንድ ወሰደው። በኖቬምበር 2023 የአሥር ሰዎች ውጤት በይፋ ተነገረ፤ ከፍ ያለውን መጠን በወሰዱት ላይ ክፉው ኮሌስትሮል እስከ 55 በመቶ ወርዷል። ከአሥሩ አንዱ ግን በወሰደው ማግሥት የልብ ድካም አገኘው፤ ሌላው ከአምስት ሳምንት በኋላ ሞተ፤ ሞቱም ከመድኀኒቱ የመጣ አይደለም ተባለ። በኤፕሪል 2024 አንድ ሌላ ሰው የጉበቱ ምርመራ ከፍ ብሎ፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ቀንሰው ሲገኙ፣ ኩባንያው አዲስ ሰው መቀበሉን አቆመና መድኀኒቱ የሚጠቀለልበትን የስብ ሽፋን ለውጦ በሌላ ተካው። ይህን ሁሉ ራሱ በይፋ አስታውቋል። የሚመሰገን ነው፤ ከኮምፓክቲን ዘመን ጋር ሲያስተያዩት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ምስጋናውን ግን ሳናበዛ አንድ ነገር እንመርምር። በገበያ ላይ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ትልቅ ነገር ሲደርስበት ገንዘባቸውን ላስገቡት ሰዎች የመንገር ግዴታ አለበት። አክሲዮን የማይሸጥ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ያው ወሬ በአፕሪል ይሰማ ነበር ወይ? ገንዘቡን ያስገባ ሰው እንዲያውቅ ሕግ ከጠበቀው፣ ጉበቱን ያስገባ ሰው ያነሰ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ያማሞቶ ያደረጉትን አስታውሱ። ልጅቱ ስትታመም መድኀኒቱን አቆሙ፤ ስታገግም መጠኑን ቀነሱ። የእርሷ መዳኛ ይህ ማቆም መቻል ነበር። በዘር ላይ የተጻፈ ፊደል ከተለወጠ በኋላ ማቆም የሚባል ነገር የለም። በሁለት ሳምንት መጠኑን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ሕክምና የወሰዱ ሰዎች እስከ 15 ዓመት ድረስ ክትትል እንዲደረግላቸው ይመክራል። መልካም ነው። ግን ኩባንያዎች ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ፣ ይፈርሳሉ፤ ቨርቭም በ2025 ኢላይ ሊሊ በተባለው ትልቅ ኩባንያ ተገዝቷል። በአሥራ አራተኛው ዓመት በአንዱ ሰው ላይ የሚታየውን ነገር ማን ይመዘግባል? መዝገቡስ በማን እጅ ይሆናል? ማቆም በማይቻልበት ቦታ የቀረልን መሣሪያ መናገር ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ሳይወስደው እንዲያውቅ።

በአገራችንም የመድኀኒት ሙከራ ይካሄዳል፤ አብዛኛው ለተላላፊ በሽታዎች ቢሆንም የፈቃዱ ቅጽ ያው ነው፤ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ ሊነበብለት ይገባል። ከዚህ ግቢ ከሚወጡት ሐኪሞች ብዙዎቹ አንድ ቀን ያን ቅጽ በእጃቸው ይይዛሉ፤ ከአርትስ ከምንወጣውም ቅጹን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ የምንመልስ አንጠፋም። በቅጹ ላይ ተሳታፊው በፈቃዱ መግባቱና በፈለገ ጊዜ መውጣት መቻሉ ይጻፋል። ከሥሩ አንድ መስመር እንዲጨመር እፈልጋለሁ፤ ይኸውም በአንተ ላይ የሚታየው ጉዳት ሁሉ፣ ስምህ ሳይጠራ፣ መድኀኒቱ ቢሰምርም ቢከሽፍም ለሕዝብ ይታተማል የሚል ነው። ይህን መስመር የማይፈርም ኩባንያ የሰው ደም ሥር እንዲወጋ አይፈቀድለት።

የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ነገሩን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ መልስ እንዲሰጡበት እጠይቃለሁ። ለክርክር ክፍላችንም የሚከተለውን ሐሳብ አቅርቤያለሁ፦ «በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ የተገኘ የጉዳት መዝገብ ሁሉ፣ ሙከራው በተፈጸመ ወይም በተቋረጠ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕግ ግዴታ ይታተም።» ደግፌ የምናገረው እኔ ነኝ። የሚቃወም ስሙን ለክርክር ክፍሉ ጸሐፊ ያስመዝግብ።